ይቆነጥጣል ወይስ ያቃጥላል

የአስተማሪዋ ፊት ተቃጠለ። ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ የውበት ሳሎኑ ወንበር ላይ ጋደም እንዳለች።

የቀባቻት ባለሙያ ታሰረች። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። በቸልተኝነት ጥፋተኛ ከተባለች ፈቃዷም ሳሎኗም አበቃላቸው።

መርማሪዋ የሚጎተት ነገር አትወድም። ጣቢያው ውስጥ «ቶሎቶሎ» ነው የሚሏት፤ ከአፏ ስለማይጠፋ።

«ምንድን ነው የቀባሻት?»

«የፍራፍሬ አሲድ ይሉታል። የሞተውን ቆዳ ያነሳል። ሃያ ፐርሰንት ነው። አሥር ጊዜ ተቀብታዋለች፣ ምንም ሆና አታውቅም።»

«ታዲያ አሁን ምን ነካት?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።» ባለሙያዋ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀበረች። «ስቀባ ሁሌ እጠይቃለሁ። ይቆነጥጣል ወይስ ያቃጥላል? መቆንጠጥ ጤና ነው። ያቃጥላል ካሉኝ አጥባለሁ። አቃጠለኝ አለች፣ ወዲያው አጠብኩላት።»

ሐኪሙም መሰከረላት። ቶሎ ባይታጠብ ኖሮ ጠባሳ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን በጥቂት ሳምንት ይድናል አለ።

ላቦራቶሪው ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «ሃያ» የሚል በተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሃምሳ ነው።

«ሰባ አለን» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «ለተሰነጠቀ ተረከዝ። ፊት ላይ አይታሰብም። እኔ ያለ ጓንት ጠርሙሱንም አልነካ፤ ጣት ይልጣል።»

«ቁም ሣጥኑን ማን ይከፍታል?»

«እኔና ታላቅ እህቴ። እሷ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ጠርሙስ አትነካም።»

«የሚጠላሽስ?»

«ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ። ክፍሉን ይፈልገዋል።»

ፀጉር አስተካካዩ መርማሪዋን መቀሱን ሳያስቀምጥ ነው የተቀበላት።

«ክፍሉን ትፈልገዋለህ አሉ።»

«አሁንም እፈልገዋለሁ። ግድግዳውን ባፈርሰው ሦስት ወንበር ይወጣኛል።»

«ሰኞ ሳሎኑ ሄደሃል።»

«መስታወት ልዋስ። የኔን ይሄ ሰውዬ ራሱን አይቶ ሰበረብኝ።» ወንበሩ ላይ ያለውን ደንበኛ በመቀሱ ጠቆመ።

«ቁረጥና ዝም በል» አለ ደንበኛው።

«ደግሞ ከበሩ አላለፍኩም። ታላቅየዋ ናት ያቀበለችኝ። እሷን አልፎ የሚገባ ሰው ካለ ንገሪኝና እኔም ልወቀው።»

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አልተሰበረም። አልተነካካም። መርማሪዋ ለባከነው ሰዓት ተናደደች።

ስትመለስ ታላቅየዋ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሻርፕ እስከ ጉንጯ ተሸፋፍናለች። ዓይኗ አብጧል።

«እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አለች። «እጇ አይሳሳትም።»

«ታዲያ የማን እጅ ተሳሳተ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጠርሙሶቹን ነክቼ አላውቅም።»

«ሰኞ የገቡትን ደንበኞች ዝርዝር ያሳዩኝ። ቶሎ ቶሎ።»

ዝርዝሩ ስልኳ ላይ ነው። አውራ ጣቷን አስነካችው። አልከፈተም። ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ደገመች። እንቢ አለ። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጣ በቁጥር ከፈተችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማያውቅዎት?»

«አርጅቷል።»

«ስልኩ ነው ወይስ ጣትዎ?»

ታላቅየዋ እጇን ወደ ሻርፑ ሰደደች። መርማሪዋ ቀደመቻት። የአውራ ጣቷ ጫፍ ተልጧል። ከሥር ያለው አዲስ ቆዳ ሮዝ ነው፤ መስመር የለውም።

ሻርፑ ተንሸራተተ። ጉንጮቿ ላይ ማድያት አለ። ዳር ዳሩ ግን ፈዟል።

«ደንበኛ ሁሉ ይጠይቀኛል» አለች፣ ማንም ሳያስገድዳት። «ሳሎን ተቀምጠሽ የራስሽን ፊት አታስጠርጊም ወይ ይሉኛል። በቀልድ ነው። በቀን አምስቴ ሲሆን ግን ቀልድነቱ ይቀራል።»

«እህትዎን ቢጠይቋትስ?»

«ንፍጧን የጠረግኩላትን ልጅ? ፊቴን አሳምሪልኝ ልበላት?»

ሦስት ወር ሙሉ ከሃያው ጠርሙስ ትንሽ ትንሽ እየቀዳች ቤት ወስዳለች። ሰኞ ሊዘጉ ሲሉ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አነሳችው። ከግማሽ በታች ወርዷል። ታናሽየዋ ነገ ማየቷ አይቀርም። ስለዚህ ከተረከዙ ጠርሙስ ሞላችው። በባዶ እጇ። ያው ስም፣ ያው ቀለም።

«ሰባው የጠርሙሱ ልክ መስሎኝ» አለች።

«ስትታሰር ለምን ዝም አሉ?»

«መጀመሪያ ቀን አልነካሁም አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል? በየቀኑ ምሳ ይዤ እመጣለሁ፣ እናገራለሁ እላለሁ፣ ምሳውን ሰጥቼ እሄዳለሁ።»

መርማሪዋ ቃሏን ጻፈች። «በፊርማ ይሁን» አለች። «አሻራዎ ለጊዜው ሥራ ፈትቷል። ጉዳዩ ወደ እርስዎ ዞሯል፣ እዚህ ይቆያሉ። ራስዎ መናገርዎን ግን እጽፋለሁ።»

ከዚያ ለአስተማሪዋ ደወለች። ቅርፊቱ መርገፍ ጀምሯል፤ ከሥሩ ያለው ደህና ነው።

«ለባለሙያዋ ይንገሩልኝ» አለች አስተማሪዋ። «ሲድን እመለሳለሁ። ጠርሙሱን ግን መጀመሪያ ራሷ ላይ ትሞክረው።»

ታናሽየዋ ተፈታች። ቦርሳዋን ተረከበች። መርማሪዋ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻት። ታላቅየዋ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀና ማለት አቃታት።

ታናሽየዋ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። አውራ ጣቷን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«እትዬ፣ ይቆነጥጥሻል ወይስ ያቃጥልሻል?»

«ይቆነጥጠኛል።»

ከቦርሳዋ ቫዝሊን አወጣችና ቀባቻት።