ከኡዌኖ ጣቢያ ጥቁር ጨርቅ ኋላ

አቶ ወልደ ሚካኤል የሞቱት ቶኪዮ ላይ ተደፍተው ነው። ቶኪዮዋ ግን ቶሮንቶ ውስጥ፣ ብሉር መንገድ ላይ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ናት። ሽማግሌው በወጣትነታቸው የባቡር ትምህርት የተማሩበትን የቶኪዮውን የኡዌኖ ጣቢያ በትንሹ በእንጨት እየሠሩ ነበር። አናታቸውን የመታቸው የለገሃር ሐዲድ ቁራጭ አጠገባቸው ወድቋል።

ፖሊስ ለማስተርጎም ሽማግሌውን በቅርብ የምታውቃቸውን ወይዘሮ ቀመሪያን ጠራ። ቀመሪያ ድሮ አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ማስተርጎም ብቻ የሚባል ነገር አይሆንላትም።

የሟቹ ጓደኛ ኢድሪስ በካቴና ታስሯል።

«ትናንት ‹እገድልሃለሁ› ብለህ ጮኸሃል አሉ» አለችው ቀመሪያ።

«ዳማ ላይ ነዋ! እሱስ ስንቴ ገድሎኛል?» የታሰሩ እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ። «ቀመሪያ፣ የጥገኝነት ወረቀቴ አላለቀም። ዛሬ ከወሰዱኝ ለደርግ ነው የሚመልሱኝ።»

አከራይዋ ኤልፍነሽ አፍንጫዋን ጠረገች። «ጠዋት ጣውላና ጥቁር ጨርቅ ለመኑኝ። ምን ሊሠሩ ነው ብላቸው ‹ሲያልቅ ታያለሽ› አሉኝ።»

ስለሺ ሽማግሌው ከሱዳን ያስመጡት የእህታቸው ልጅ ነው። እያለቀሰ ጎፈሬውን ያስተካክላል። «እትዬ፣ ከእሁድ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም። ስካርቦሮ ሆኜ ለኤግዛም ሳጠና ነበር።»

ቀመሪያ ጣቢያውን ዞረችው። ላይኛው ፎቅ ላይ የከተማው ባቡሮች ያልፋሉ። መሬት ላይ የሩቅ አገር ሐዲዶች ግድግዳ ጋ ደርሰው ያልቃሉ፣ ልክ እንደ ለገሃር። ጣቢያው ካረፈበት ጠረጴዛ ሥር ጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። ከኋላ በኩል እጇን ሰደደች፤ ሙጫ ጣቷን ያዘው።

ሁሉንም ሰብስባ ከሽማግሌው የመሥሪያ ሳጥን አረንጓዴ መስመር ያላት ነጭ ባቡር አወጣች።

«ፈጣኗ የጃፓን ባቡር፣ ሺንካንሰን ናት። ቦታዋ ላይ አስቀምጡልኝ።»

ኤልፍነሽ ላይኛው ፎቅ ላይ አስቀመጠቻት። ኢድሪስ ካቴናውን እያንኳኳ መሬት ላይ። ስለሺ ፈገግ አለ፤ ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ወደ ኋላ ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ጨርቁን ገልጦ ባቡሯን ከሥር አስገባት።

«ትክክል» አለች ቀመሪያ። «የኡዌኖ የምድር ውስጥ መድረክ የተከፈተው ዘንድሮ ነው። ጋሽ ወልዴ ‹በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምሠራው› እያሉ ሳይሠሩት ኖሩ። ጣውላው የገባው ግን ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ከእሁድ ወዲህ ያልመጣኸው ልጅ እንዴት አወቅከው?»

«ገመትኩ!»

«ከምድር በታች መሆኑን ገመትክ እንበል። ጨርቁ የሚገለጠው በኋላ በኩል መሆኑንስ?»

ስለሺ ጎፈሬውን በሁለት እጁ ያዘ። «ለኮሌጁ ‹የእኔ ሥራ ነው› ብዬ ነበር... ዛሬ ልወስደው ስመጣ ነገርኳቸው። ለአስተማሪህ ኮል አደርጋለሁ አሉ... ጀርባቸውን ሲሰጡኝ...»

ፖሊሱ ካቴናውን ከኢድሪስ እጅ ወደ ስለሺ እጅ አዛወረው።

ቀመሪያ ጎንበስ ብላ መብራት አበራች። መድረኩ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ሁለት ሰዎች ባቡር ይጠብቃሉ። አንዱ የጋሽ ወልዴን ኮፍያ አድርጓል። የሌላው ጎፈሬ ግን ኮፍያውን ያስከነዳል።

ኢድሪስ የታሰረበትን እያሻሸ አየ፣ መላጣውንም ዳበሰ።

«‹ፈጣኗን አንድ ቀን አብረን እንሳፈራለን› ይል ነበር» አለ። «እኔን መስሎኝ።»