ሠላሳ ሦስት ተኩል

«ሠላሳ ስድስት ሴንቲሜትር ይሞላል። ሁለቴ ለክቼዋለሁ» አለች ሸምበቆ፣ ቫዮሊኑን ከፎጣው እየፈታች።

ጋሼ ሙጫ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ናቸው፤ የሰፈሩ ልጆች ይህን ስም ያወጡላቸው ጣታቸው ከሙጫ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው።

«በምን ለካሽው?»

«በእማዬ ሜትር።»

«በልብስ ስፌት ሜትር? እስቲ አሳዪኝ።»

የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና መለካት ታውቅበታለች። ሜትሩን ከቫዮሊኑ አንገት ሥር ካለችው ጉጥ ጀምራ፣ በጀርባው እብጠት ላይ እያስተኛች፣ ልክ የደንበኛ ሆድ እንደሚለካ እስከ ታች ወሰደችው። መጨረሻ ላይ አንድ ጣት ጨመረች።

«ይቺ ጣት ደግሞ የምንድን ናት?»

«የስፌት ናታ! ምናልባት ቢጠብ...»

ጋሼ ሙጫ ጠረጴዛቸውን ይዘው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ቫዮሊን እኮ አይወፍርም!»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ሽማግሌው መንጋጋ ያለው የእንጨት መለኪያ አነሡ፤ ጉጧን ትተው ጀርባውን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርገው ለኩ። «ሠላሳ ሦስት ተኩል። ሦስት አራተኛ የሚባለው ነው እንጂ ሙሉ አይደለም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይበቃል።»

ሸምበቆ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቅጽል ስሟም በከንቱ አልወጣላትም። ቫዮሊኑን ከቁም ሣጥን አናት ላይ ያገኘችው እሷ ናት። አክስቷ በልጅነቷ ትጫወትበት የነበረ ነው፤ እናቷን መጠኑን ብትጠይቃት «እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፣ ሁሉ ነገር ትልቅ ነበር» ብላታለች። የሙዚቃ መምህሯም ቁርጡን ነግረዋታል፦ በትልልቆቹ ቡድን አንድ ወንበር አለ፤ ሙሉ መጠን ያለው ቫዮሊን ይዛ ለመጣች ብቻ። እሷም ለመምህሩ «አለኝ፣ ሙሉ ነው» ብላ ጨርሳለች።

«ይጠገናል ግን?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይጠገናል።»

«ማነሱን ለቤት ሰው አይንገሩብኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ የምጠግነው እንጨት ነው» አሉ፣ ሙጫቸውን በፈላ ውሃ ላይ እየጣዱ። «የቤታችሁን ወሬ አልጠግንም። ነይ፣ ይቺን ያዢ።»

ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን የሆዱን ስንጥቅ በቆዳ ሙጫ ዘግተው በሞርሳ አጠበቁት፤ ሸምበቆ ሞርሳውን እንደ ጠላት አንገት ብታንቀው «ቀስ! ሙጫው ይተንፍስ እንጂ!» ተባለች። በሁለተኛው ቅዳሜ መቃኛዎቹን አላልሰው ክሮቹ የሚሻገሩበትን ብርኩማ እንደገና ቀረጹ። ሦስት ጊዜ አበላሸች፤ በአራተኛው ጋሼ ሙጫ ብርኩማውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና «እጅሽ ይባረክ» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ። ያን ቀን ቤቷ የገባችው እየዘለለች ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ፌንጣ አልቀርም ብላ ተከተለቻት። አሥር ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልፈጠረባትም።

«እህቴ፣ ሲያልቅ አንዴ ታስነኪኛለሽ? አንዴ ብቻ!»

«እናያለን።»

የቀረው ነፍሱ ነበር። በሆዱና በጀርባው መካከል የምትቆመውን ቀጭን እንጨት ጋሼ ሙጫ ነፍስ ይሏታል፤ እሷ ከሌለች ድምፁ የታፈነ ነው። ሸምበቆ በጠማማ ሽቦ ወግታ በጠባቧ ቀዳዳ አስገባቻት። ወደቀች። ደግማ አስገባቻት። ወደቀች። ፌንጣ እንኳ መዝለሏን አቁማ ትንፋሿን ያዘች። በአምስተኛው ቆመች።

ክሩ ተወጠረ፣ ተቃኘ። ጋሼ ሙጫ ደጋኑን ለሸምበቆ ሰጧት። አንድ ጊዜ ሳበችው።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ስንት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ነገር እንዲህ ይጣራል ብላ አልጠበቀችም። ጋሼ ሙጫ «ተመስገን» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

«እኔስ? እኔስ?» ፌንጣ እጇን ዘረጋች።

ሸምበቆ ቫዮሊኑን ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችላት። የግራ ክንዷ ቀጥ ሲል የቫዮሊኑ ጠመዝማዛ ራስ ልክ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ ጣቶቿም ሳይጨነቁ አቀፉት። በሸምበቆ ክንድ ግን እስከ አንጓዋ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ፌንጣ ደጋኑን ጎተተችው፤ ጅራቷ የተረገጠ ድመት የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

«መምህሩ አይለኩም እኮ» አለች ሸምበቆ ሳቁ ሲበርድ፣ ጋሼ ሙጫን ሳታይ። «አይቶ የሚያውቅ ካልሆነ አይታወቅም።»

«አይታወቅም ይሆናል» አሉ። «አንቺ ግን የእህትሽን ጫማ አድርገሽ ሩጫ ትወጫለሽ?»

ሸምበቆ የፌንጣን ትንንሽ ጫማዎች አየች። ፌንጣ ምንም ሳይገባት ደጋኑን ደግማ ጎተተችው፤ ያሁኑ ከድመቱ ትንሽ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት የቫዮሊኑን ሣጥን የተሸከመችው ፌንጣ ነበረች፤ ከእሷ ይልቅ ሣጥኑ የሚራመድ ይመስላል። እናታቸው ከደጅ ላይ «ሸምበቆ፣ የአንቺን ለምን ታሸክሚያታለሽ?» ብላ ጮኸች።

«የእሷ ነው፣ እማዬ! ማታ እነግርሻለሁ!»

በትንንሾቹ የሙዚቃ ክፍል በር ላይ ሸምበቆ የእህቷን አንገትጌ አስተካከለችላት። «አገጭሽን አትጫኚው። ክር ከላላም ራስሽ አትንኪ፤ እኔን ጥሪኝ።»

«አንቺስ ወዴት ነሽ?»

«ፎቅ። መምህሩ ጋ።»

ደረጃውን ስትወጣ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች ነበር፦ መምህር፣ ሙሉ ነው ያልኩዎት ቫዮሊን ሙሉ አይደለም። መጀመሪያ ስትለው ከባድ ነበር፤ በሦስተኛው ድግግሞሽ ቀለል አለ። የመምህሩ በር ፊት ስትደርስ ከታች ያ የድመት ድምፅ ፎቁን ሰንጥቆ መጣ፤ ከኋላው የሕፃናት ሳቅ፣ ከሳቁ በላይ ደግሞ የፌንጣ ሳቅ።

ሸምበቆ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግታዋን ለመሰብሰብ ሞከረች። አልሰበሰብ ሲላት እንደዚያው ሆና አንኳኳች።