ለፓምፓው የተደረገ ዱዓ

እንድሪስ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንድ ትልቅ ጉዳይ አስታወቀ፤ የጭነት መኪናው መሪ ከእንግዲህ በአንድ ጣት ይዞራል። የመሪውም የፍሬኑም ፓምፓ በአዲስ ተቀይሯል። ነገ ጠዋት እቤቱ ዱዓ አለ፤ እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ይወረዳል። ሰዎቹ «ማሻአላህ» አሉ። ከሚሴ ውስጥ በዚያ ቀን ከዚህ የሚበልጥ ወሬ አልነበረም።

ችግሩ ማስታወቂያው ከሥራው መቅደሙ ነበር።

የእንድሪስ ልጅ ኢልሃም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሁለቱ ፓምፓዎች አንዱ አሮጌ መሆኑን ታውቃለች። ይህን ያወቀችው ሰው ነግሯት አይደለም፤ የቀባችው እሷ ናት።

መካኒኩ አጎቷ ቶፊቅ ነው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። የመሪውን ፓምፓ ሐሙስ ዕለት ገጠመው፤ ያለ እንከን ሠራ። ድሮ አባቷ ያንን መኪና ለማዞር ከበሬ ጋር የሚታገል ሰው ይመስል ነበር። አሁን ኢልሃም ራሷ ወንበሩ ላይ ወጥታ መሪውን እንደ ማሰሮ ክዳን አዞረችው። የቀረው የቫኪዩም ፓምፓ ነበር፤ ሾፌር ፍሬን ሲረግጥ እግሩን የሚያግዘው ማለት ነው። እሱ የደከመ ጊዜ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በረመዳን ማግስት አንድ ቁልቁለት ላይ አባቷ በሁለት እግሩ ቆሞበት ነው መኪናው እንደምንም የቆመው። ቤት ሲገባ «መንገዱ ሰላም ነበር» አለ። መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችው እናቷ ዙቤይዳ ግን ያን ማታ ራት አልበላችም።

ከደሴ የመጣው አዲሱ ፓምፓ ካርቶን የተከፈተው ዓርብ ከሰዓት ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከሞተሩ ጋር አልገጠሙም። ቶፊቅ አዞረው፣ ገለበጠው፣ ስር ገብቶ ተኝቶ ለመነው። ብረት ደግሞ በልመና አይሰፋም።

ኢልሃም ለአባቷ እንዲነግሩት ሐሳብ አቀረበች።

«ምን ብለን?» አለ ቶፊቅ። «መስጊድ በር ላይ ተናግሯል። በጉ ተገዝቷል። የተጠራ ዱዓ ይታጠፋል እንዴ?»

«ፍሬኑስ?»

«ወላሂ ለአንድ ገበያ ነው፣ ኢሉ። ሰኞ ልኩን አምጥቼ እቀይረዋለሁ። አንቺ እጅሽ ቀጭን ነው፣ ቆንጆ አርገሽ ቀቢው።»

አሮጌውን ፓምፓ በናፍጣ አጥቦ ሰጣት። እሷም ብርማ ቀለም ቀባችው፤ ጥጋጥጉን ሳይቀር። ስትጨርስ እውነትም አዲስ መሰለ። ትንሽ ራቅ ብላ አይታው ደስ አላት። በኋላ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ይህ ደስታ ነው።

ቶፊቅ በዚያው ማታ ቦታው መልሶ ገጠመው። ጠዋት መኪናውን እንድትወለውል ታዘዘች። ፓምፓውን በጣቷ ስትነካው ቀለሙ ተከትሏት መጣ። ከሥሩ ጥቁር ዘይት ነበር። አሮጌው ፓምፓ ሲያልበው አድሮ ቀለሙን አላስያዘም። እጇን በኦሞ አሸች፣ በአመድ አሸች፤ ጥፍሮቿ ውስጥ የገባው ብርማ ቀለም አልወጣ አለ።

እናቷ ጓዳ ውስጥ ለገበያ የምትወስደውን በርበሬ በማዳበሪያ እየሰፋች ነበር። ልጇን ስታይ ፈገግ አለች።

«ነገ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የምሄደው» አለቻት። «ያን ለታ እስክንደርስ ድረስ ከአባትሽ ጋር ፍሬን ስረግጥ ነበር፣ ባዶ ወለል ላይ።»

ኢልሃም አብራት ሳቀች። ከዚያ እውነቱን ለአባቷ ልትነግረው ወጣች፤ እሱ ግን በር ላይ እንግዳ ይቀበላል። «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» እያለ፣ ቀኝ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ለሚጨብጠው ሁሉ አንጓውን ይሰጣል። ውዱእ አድርጎ እጁ ያልደረቀ መሰላት። ሰው መሀል ጠርታ ልታዋርደው አልፈለገችም። ወይም ፈራች።

የመኪናው ጋቢና ሞተሩ እንዲታይ ወደ ፊት ተደፍቶ ሱጁድ የወረደ ሰው ይመስላል። ወንዶቹ ሰሌን ላይ፣ ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሼህ ሙሀመድኑር ተነስተው መዳፋቸውን የመሪው ፓምፓ ላይ አሳረፉና መሪውን አላህ እንዲያቀናው፣ ባለቤቱንም አብሮ እንዲያቀናው ለመኑ። ሁሉም «አሚን» አለ። ከሁሉ ጮክ ያለው የቶፊቅ ነበር። ወዲያው ፀሐይ ሳይከር ጋቢናውን ልመልሰው ብሎ ብድግ አለ።

ኢልሃም የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሼሁ አጠገብ ቆማ ነበር፣ ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋ። ጋቢናው ከተመለሰ ነገር ሁሉ ተዘጋ። እናቷን አየች፤ ዙቤይዳ ዓይኗን ጨፍና ገና «አሚን» እያለች ነው።

«አባ ሼህ» አለች፣ «ይኼኛው ቀረ።»

«የትኛው ልጄ?»

«የፍሬኑ። እናቴ በሱ ነው የምትሄደው።»

ቶፊቅ ለዱዓው አንዱ እንደሚበቃ፣ ሁለቱም የአንድ ሞተር ልጆች እንደሆኑ ተናገረ። ሼሁ አልሰሙትም። ጎንበስ ብለው ሙሉ መዳፋቸውን ብርማው ፓምፓ ላይ አደረጉና ቆዩ። ቁልቁለቱን ጠሩ፣ ድልድዩን ጠሩ፣ የተሳፈረውን ሁሉ ጠሩ። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ለመዝጊያው ዱዓ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

የቀኙ መዳፍ እንደ ዓሣ ሆድ ያበራል።

ሰዎቹ ሁሉ አዩት። ግን ሼህ እጅ ሲዘረጉ ሰው ሁሉ መዘርጋት አለበት፤ ወጉ ነው። ቶፊቅ ቀስ ብሎ ዘረጋ፤ በጣቶቹ መሀል ብርማ ቀለም ነበር። ሰዎቹ ወደ እንድሪስ ዞሩ። እሱም ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ንጋት ላይ ፓምፓውን ነክቶ የያዘው ነው።

ዙቤይዳ ዓይኗን ገልጣ ነበር።

ኢልሃም ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች። ጣቶቿንም አንድ በአንድ ፈታች።