ከሦስተኛው ገንዳ ስር

ሁለት ጣቶቹ ቀዳዳው ውስጥ ነበሩ።

ባንቲሁን እግሩን ለመታጠብ ያጎነበሰ መስሎ ከሦስተኛው ገንዳ ስር የላላውን ጡብ ዳበሰ። እንፋሎቱ ከአንድ ክንድ በላይ አያሳይም። ቀኝ እጁ በጣሳ ውሃ ያፈሳል፤ ግራ እጁ ይሰርቃል። ጥቅልሏን አገኛት። በሰም የተለበጠች ወረቀት ናት፤ ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም።

በሩ ሲጢጥ አለ።

ሁለት ሰዎች ገቡ።

ራቁቱን የሆነ ሰው ኪስ የለውም። ሽርጡንም ቢሆን አሺው መጥቶ ይፈታዋል። ባንቲሁን ጥቅልሏን ምላሱ ስር ከተታትና በድንጋዩ መደብ ላይ በሆዱ ተዘረጋ።

መስከረም 1928 ነው። ጣልያን ድንበር ላይ ሰፍሯል፤ ጦርነቱ የዛሬ ነገ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ከአሳው ይልቅ ሰላዩ በዝቷል። ባንቲሁን በከተማው የሚታወቀው ሐጂ ሙጠሊብ ተብሎ ነው፦ የጅጅጋ ቆዳ ነጋዴ፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ለእረፍት ወደ ባሕሩ ወርዶ ከሰዓት በኋላውን በቱርኩ ሐማም ሲታሽ የሚውል ምቾት ወዳድ። ድሬዳዋ ያሉት አለቃው፣ «አጎት» የሚባሉት፣ ሲልኩት «ተዝናና ልጄ፤ የሚዝናና ሰው ማንም አይጠረጥረውም» ብለውት ነበር። መዝናናቱስ ቀረበት! ማተቡን ፈትቶ በአጎት እጅ ካስቀመጠ ሦስት ወሩ ነው፤ እጁ ግን እስከ ዛሬ አንገቱን መዳበስ አልተወም።

ሐማሙ ጠዋት የሴት፣ ከሰዓት የወንድ ነው። ሴቶቹ ሲኖሩ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። የነባንቲሁን ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህች ጨርቅ ላይ ነበር። ጠዋት አሰገደች ሳሙናና ፎጣ ተሸክማ ጣልያናዊት እመቤቷን ተከትላ ትመጣለች። እመቤቲቱ ስትታሽ እሷ ገንዳ ታጥባለች። ጨርቁ ሲወርድ ሐጂ ሙጠሊብ ይገባል። ማን ያገናኛቸዋል?

አሰገደች የአንኮበር ልጅ ናት። ማራቡ ሰፈር በአንድ ጣልያናዊ ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ እዚያው ታድራለች። ሰውዬው ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ከሚሸጠው ግን የሚጽፈው ይበዛል። ጣልያንኛ ትሰሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልነገረችም።

ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አጎት፣ ባንቲሁን፣ እና ወረቀቱን በየሳምንቱ በባቡር ወደ ድሬዳዋ የሚያሻግረው ገብረማርያም። ገብረማርያም የባንቲሁን አበልጅ ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳለት ሰው።

ባለፈው ሳምንት ባንቲሁንና አሰገደች በዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ጀርባና ፊት ሆነው ቆመው ነበር።

«ፈርቻለሁ» አለች ዞር ሳትል።

«እሑድ ባቡር ላይ ነሽ።»

«እውነት?»

«ማርያምን።»

ወረቀት የሚወሰደው ዓርብ ዓርብ ነው። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው። ዛሬ በማራቡ በኩል ሲያልፍ ግን ሰገነቱ ላይ አንድ ጫፏ የተቋጠረች ነጠላ ተሰጥታ አየ። «አሁኑኑ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ገብረማርያምም ቢሆን።

እነሆ አሁን መደቡ ላይ ነው። አሺው፣ የሐድረሞቱ ባወዚር፣ መጣና ጉልበቱን ወገቡ ላይ ተከለ።

ባወዚር ማሸት አንዴ ከጀመረ አያቋርጥም። መጀመሪያ ሳሙና፤ ከዚያ ቆዳ የሚገፍ የፀጉር ጓንት፤ ከዚያ ዘይትና አጥንት ማንቋቋት፤ በመጨረሻ ሦስት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ። ሦስተኛው ጣሳ ሳይፈስ የተነሳ ደንበኛ ባወዚርን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ባወዚር ደግሞ ስድብን ቀስ ብሎ አይመልስም፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ይጮኻል።

ሁለቱ ሰዎች ገንዳዎቹ ዘንድ ደረሱ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ይሄ ነው» አለ አንደኛው በዓረብኛ፣ በሹክሹክታ።

«ጡቡ?»

«ይነቀላል።»

ባንቲሁን ትንፋሹን ዋጠ። ሁለተኛው ሰው የሚናገረው የምጽዋ ወደብ ዓረብኛ ነው፤ ጣልያን ሲናገረው ደግሞ ይበልጥ ይሰበራል። ጡቡ ተፋቀ። አንድ እጅ ቀዳዳውን ጎረጎረ።

«ባዶ ነው» አለ ጣልያኑ።

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ጠዋት ከእመቤቷ ጋር እዚህ ነበረች።»

«ተቀባዩ ማን ነው?»

«አላውቀውም አልኩህ እኮ። ወረቀቱ በሰው በሰው ነው የሚደርሰኝ።»

«እንግዲህ ስማኝ። ወረቀቱን ብናገኘው ኖሮ ሌላ እንተካበት ነበር። እሷንም አንነካትም ነበር፤ ውሸታችንን ስታመላልስልን ትኖር ነበር። አሁን ግን ከእጃችን ወጥቷል። ከእንግዲህ ምን ትሠራልናለች? ዛሬውኑ ትነሳ።»

«ዛሬ?»

«ብቻዋን የምትወጣው መቼ ነው?»

ሰውዬው ጡቡን ወደ ቦታው መለሰ። «አስር ሰዓት ላይ» አለ በመጨረሻ፤ «በረዶ ልትገዛ።»

«ጀልባው ዝግጁ ነው። አሰብ ስትደርስ ትናገራለች።»

ባዶ ያደረገው ማን ሆነና! በእሷ ጥሪ መጣ፣ በገዛ ጣቶቹ ጎረጎረ፣ አነሳ። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ወረቀቱ ይቀየር ነበር፣ እሷ ግን ማታ አልጋዋ ላይ ታድር ነበር። ባንቲሁን ጉንጩን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀ። ሊነሳ ፈለገ። ሁለት ናቸው፣ እሱ ራቁቱን ነው፣ ላዩ ላይ በሬ የሚያህል ሰው ተቀምጧል፣ ምላሱ ስር ያለው ደግሞ ገና ምን እንደሆነ አያውቅም።

ባወዚር የቅርንፉድ ዘይት ጀርባው ላይ ደፋ። ሽታው አፍንጫውን ቧጠጠው።

ያዘው። ጥርሱን ነከሰ።

አነጠሰ።

«ይማርህ!»

በአማርኛ። በሙሉ ድምፅ።

ሹክሹክታ የማንንም ድምፅ ይደብቃል። ይማርህ ግን በሹክሹክታ አይባልም። ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር ነው፤ ሰው ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ድምፁን ባንቲሁን በጨለማም ቢሆን አይስተውም። በልጁ ክርስትና ቀን ሲመርቅ የሰማው ድምፅ ነው።

ገብረማርያም።

መልሱም እንዲሁ ሳይጠራ መጣ። «ያኑርህ» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው ተነስታ ጥርሱ ድረስ ደረሰች። ያቆማት ብልሃቱ አይደለም። ምላሱን ሲያነሳ ጥቅልሏ ተንሸራታ ጉሮሮው ላይ ተወተፈችና ትንፋሽ አሳጣችው።

«ምን አልከው?» አለ ጣልያኑ።

«ምንም... ልማድ ነው። በአገራችን ሰው ሲያነጥስ...»

«የአገርህን ልማድ ለአገርህ ሰው አቆየው።»

ገብረማርያም ግን ወደ መደቡ ሁለት እርምጃ ተራመደ። የእንጨት ጫማው ሲንኳኳ ባንቲሁን ይሰማዋል።

ባወዚር በሳቅ ፈነዳ። «ሐጂ፣ አልሐምዱሊላህ በል እንጂ! ምላስህን ዋጥከው እንዴ?»

ስሜን እንዳይጨምር። አምላኬ፣ ስሜን እንዳይጨምር።

በከተማው ሺህ ሐጂ አለ፤ ሐጂ ሙጠሊብ ግን አንድ ነው፣ ገብረማርያምም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ባወዚር ትከሻውን ጠመዘዘው። አጥንቱ ቀው አለ። ባንቲሁን አቃሰተ፤ የልቡንም የትከሻውንም አንድ ላይ አቃሰተ። ያቃሰተ ሰው ከየት እንደመጣ አይለይም። የእንጨት ጫማዎቹ ዞሩ። በሩ ሲጢጥ አለና ተዘጋ።

አላውቀውም ነበር ያለው። ተቀባዩን አላውቀውም። ባንቲሁን ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ገብረማርያም አበልጁን አልሸጠም። ገረዷን ብቻ ሸጠ። ባንቲሁን እስካሁን በሕይወት ያለው በከሃዲው ፍቅር ነው። ከዚህ የከፋ ውለታ ከየት ይመጣል?

ውጭ የዐስር ሶላት አዛን ተጣራ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«በቃኝ» አለ በዓረብኛ፣ ጥቅልሏን ወደ ጉንጩ ገፍቶ።

«ምን በቃኝ? ግራ እግርህ ይቀራል።»

ቢነሳ ባወዚር ይጮኻል። ሁለቱ ደግሞ በስተውጭ ልብሳቸውን እየለበሱ ነው። ተኛ። ግራ እግሩ ታሸ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተሳቡ። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ምንም ማድረግ ያቃተው ጊዜ የለም፤ የሰው ነፍስ እየሄደ እሱ ተረከዙን ይታሻል።

አንደኛው ጣሳ። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

ልብስ ማውለቂያው ውስጥ ማንም አልነበረም። ሰሙን በጥፍሩ ላጠው። የአሰገደች ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቿ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ።

«የዛሬው ባቡር። ሆልሆል ድልድይ ላይ ፈንጂ ተቀብሯል። አስቁሙት። እሑድን አደራ።»

ወረቀቷን ዋጣት። ሮጠ።

ባቡሩ አስር ሰዓት ላይ ይነሳል። መድኃኒትና ፋሻ ጭኗል። ኋላ ያሉት ሁለት ፉርጎዎች ደግሞ ጦርነት ፈርተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው የሚገቡ ቤተሰቦች ናቸው፤ አራስ ሳይቀር። መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ላይ ባንቲሁን ቆመ። ግራ ባቡር ጣቢያው። ቀኝ በረዶ ቤቱ። ለአስር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።

ሁለቱም ጋ አይደርስም። ሌላ ሰው እንዳይልክ ደግሞ በዚህ ከተማ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገብረማርያም።

ወደ ግራ ሄደ።

ጸሐዬ የባቡሩ ፍሬን ያዥ ነው። ከአጎት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

«ቁርጥማቱ እንዴት ነው ሐጂ?»

«ወደ ጉልበቴ ወርዷል።»

የጸሐዬ ፊት ተለወጠ። «ወርዷል» ማለት መንገዱ ላይ ሞት አለ ማለት ነው።

«የት ድረስ?»

«ሆልሆል። ድልድዩ። ሳትደርሱ አቁሙት።»

«ገባኝ። እርስዎስ?»

ባንቲሁን ወደ በረዶ ቤቱ መሮጥ ጀምሯል።

በረዶ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል። መሬቱ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ወድቆ ይቀልጣል፤ ፍየል ውሃውን ትልሳለች። ሻጩ ሶማሌ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ያቺን ሐበሻ ልጅ ፈልገህ ነው? ሁለት ሰዎች በጋሪ ወሰዷት። ታማለች አሉ። እኔ ግን ስትታመም አላየሁም፤ ስትጮኽ ነው ያየሁት።»

ወደ ወደቡ ሮጠ። ጀልባዋ ሸራዋን ዘርግታ ከወሽመጡ ልትወጣ ነው። ባንቲሁን ዳርቻው ላይ ቆመ። ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ለፈረንሳዩ ፖሊስ ቢናገር አንተ ማን ነህ ይባላል፤ ማን እንደሆነ ደግሞ መናገር አይችልም። ሸራዋ ትንሽ እስክትሆን አየ። አለቀሰ። ለሚያየው ሰው ሐጂው የባሕር ንፋስ የበረታበት መሰለ።

በማግስቱ ወሬው ደረሰ። ባቡሩ ከድልድዩ ወዲህ ቆመ፤ ፈንጂው ተገኘ፤ ሰው ሁሉ በሰላም ገባ። ፈንጂውን ያገኘው ፍየሉ የጠፋችበት እረኛ ነው ተብሎ ከተማው አመነ። ይህን ያስወሩት አጎት ናቸው። ባንቲሁን ሌሊቱን ስለ ገብረማርያም በስውር መልእክት ልኮላቸው ነበርና የእሳቸው ትእዛዝም አብሮ መጣ፦ «ገብረማርያም አይነካ። በእሱ በኩል የምንልከው የውሸት ወሬ አለን። እንደማታውቅ ሁን። የልጅቷን እግዜር ያውቃል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ባንቲሁን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ዓለምነሽ ሻይ ቤት ገባ። ገብረማርያም ጥግ ላይ ይጠብቀዋል። ዓይኑ ስር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። አንገቱን አቀርቅሮ በሹክሹክታ ተናገረ።

«እሷን አጥተናታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተ ራስህን ጠብቅ፣ አበልጄ። በሞቴ። ከዚህ ከተማ ውጣ።»

እውነቱን ነበር። ያ ነው የከፋው። ባንቲሁን እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያዘው፤ ጨበጠው። ጣቶቹን ሊሰብራቸው ይችል ነበር።

«እሺ» አለ።

ዓለምነሽ ሻይ ይዛ መጣች። የከተማው ሐበሻ ገረድ ሁሉ እረፍት ሲያገኝ የሚሰበሰበው እሷ ዘንድ ነው።

«ያቺ የአንኮበሯ ልጅ፣ አሰገደች፣ ከጠፋች ሁለት ቀኗ እኮ ነው» አለች ትሪውን ሳታስቀምጥ። «ፍራሿ ስር ደብዳቤ ተገኘ አሉ፤ ለአባቷ የጻፈችው፣ ልመጣ ነው ብላ። ማን ያድርስላቸው?»

«ኤደን ሄዳለች አሉ» አለ ገብረማርያም። «የተሻለ ደሞዝ አግኝታ።»

«ሳትሰናበተኝ? እሷ?» ዓለምነሽ ወደ ባንቲሁን ዞረች። «ሐጂ፣ እርስዎ በማራቡ በኩል ያልፋሉ። ቀጠን ያለች፣ ቁመቷ እስከዚህ፤ አያውቋትም?»

የአባቷን ስም ያውቃል። ቤታቸው ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነ ያውቃል። ስትፈራ ድምፅዋ እንዴት እንደሚወርድ ያውቃል። ገብረማርያም አላየውም፤ ብርጭቆውን ያያል።

«አላውቃትም» አለ ባንቲሁን።

ዓለምነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች፤ እዚያም ያንኑ ጠየቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ሙጠሊብ በከተማው አልነበረም። ከባቡር ጣቢያው መስኮት ፊት ለፊት ጢሙን የተላጨ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን የያዘ ሰው ተራውን ጠበቀ። ቲኬት ቆራጩ ስሙን ጠየቀው። ሰውዬው አንድ ስም ነገረው፤ ቆራጩም ቀና ብሎ ሳያየው ጻፈ።