የባና ምዋባ የአስቤዛ ወረቀት

ሽማግሌው ካፓምብዌ እሑድ ምሳውን በልቶ፣ ከተክል ስር የሚዘጋጀውን መጠጥ፣ ሙንኮዮውን፣ ጠጥቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። የልብ በሽተኛ ስለነበር ንዶላ ከተማ ውስጥ የተገረመ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ግን ብርጭቆውን ጠርጥሮ የወሰደው ሐኪም ውጤቱን ላከ፤ በተረፈው መጠጥ ውስጥ የሟቹ የራሱ የልብ ክኒን ከልክ በላይ ተሟሙቶ ተገኝቷል። ከቤቱ ሰው ሙንኮዮ የሚጠጣው እሱ ብቻ ነበር። የምታዘጋጀው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ንጎሳ ናት። ፖሊስ ጣቢያው ከዚህ በላይ መድከም አላሰኘውም፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ወህኒ ትወሰድ ተባለ።

ኢንስፔክተር ቶኮዚሌ ጄሬ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ጥፋት በተገኘ ቁጥር መጀመሪያ ድሃ ላይ የሚጠቁም ጣት ያንገሸግሻታል። አለቃዋን የሦስት ሰዓት ጊዜ ለምና ወደ ልቅሶው ቤት ሄደች።

በር ላይ የተቀበላት የሟቹ ወንድም ካሶንዴ ነበር። ቤምባና ንጎኒ የሚባሉት ነገዶች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ልቅሶ ቤትም ቢሆን ምላሳቸው አያርፍም።

«ደግሞ አይጥ በሊታ ንጎኒ ላኩብን?» አላት።

«ዝንጀሮ በሊታ ቤምባ ሲሞት ማን ያጣራለት ታዲያ? ያ የታሰረ ሻንጣ የማነው?»

የካሶንዴ ፊት ጠቆረ። «የኔ ነው። እሑድ ጠዋት ወንድሜ ከቤቴ ውጣልኝ አለኝ። ወጡን ጓሮ ሲደፋው ነውር ነው ስላልኩት።»

«ወጥ ይደፋ ነበር?»

«ካልጣመው ከነድስቱ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ባና ምዋባ ስንቱን ችላዋለች መሰለሽ።»

ባና ምዋባ የሟቹ ሚስት፣ የምዋባ እናት ናት። ኩሽናዋ በንጽሕናው ያስፈራል። በሩ ላይ የሳምንቱ ምግብ በየቀኑ ተለይቶ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ከጎኑ የአስቤዛ ወረቀቶች ምስማር ላይ ተሰክተዋል። ዓርብ ትጽፋለች፣ ቅዳሜ ይገዛል። ለቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ማኅበር የምታስተምረውም ይህንኑ ነው፤ አፍ ቆጥሮ መግዛት፣ ቆጥሮ ማብሰል፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አለመጣል።

ንጎሳ እጇ በካቴና ታስሮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ፖሊስ ይጠብቃታል።

«ክኒኑ የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ሳሎን፣ መደርደሪያው ላይ። ሁሉም ሰው ያገኘዋል።»

«ሙንኮዮውን ያቀረብሽለት አንቺ ነሽ?»

«ብርጭቆው ላይ ቀድቼ ትቼው ጓሮ ወጣሁ። ማን እንደወሰደለት አላየሁም። እውነቴን ነው፣ ማዳም።»

«የሚዘጋጅበት ስር ተርፏል?»

«አልተረፈም። ቅዳሜ የመጨረሻውን ነው የዘፈዘፍኩት። ሌላ ይገዛል ስል ከአስቤዛው ውስጥ አጣሁት። ባማዮ፣ እመቤቴ፣ ረስተው ይሆናል።»

ባና ምዋባ ትረሳለች? ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቹን ከምስማሩ ነቅላ አንድ በአንድ አገላበጠች። ብዙ ቆየች። ፖሊሱ ሰዓቱን አሁንም አሁንም ያያል።

«ካሶንዴ ኦቾሎኒ ይበላል?» አለቻት ንጎሳን በመጨረሻ።

«ኧረ እሱ! ጉሮሮው ያብጣል። ማክሰኞ ጎመኑ በኦቾሎኒ ስለሚሠራ ለሱ ብቻ ቦሎቄ እንቀቅልለታለን።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ባና ምዋባ ጥቁር ሻሽ አስራ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ክኒኑን ሁላችሁም ታገኙታላችሁ፤ ብርጭቆውም ብቻውን ቆይቷል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስለዚህ ማን ይችል ነበር ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። እኔ የጠየቅሁት፣ ሰውየው እንደሚሞት ማን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ብዬ ነው። የሁለት ዓመት አስቤዛ አየሁ። ሰኞ ሁልጊዜ ዓሣ ነው፤ ሟቹን፣ ካሶንዴንና ንጎሳን ጨምሮ ሰው አምስት፣ ዓሣ አምስት። ባለፈው ዓርብ የተጻፈው ግን አራት ይላል።»

ምዋባ ዞራ እናቷን አየቻት።

«ካሶንዴ ይሄዳል ብዬ ነው» አለች ባና ምዋባ።

«ካሶንዴ ውጣ የተባለው እሑድ ነው፣ ወረቀቱ የዓርብ ነው። ደግሞ የማክሰኞ ቦሎቄውን ገዝተውለታል። ስለዚህ የቀነሱት እሱን አይደለም። ሌላ የጎደለ ነገር ፈለግሁ፤ የሙንኮዮው ስር ነው። በየሳምንቱ ይጻፋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን እያለቀ ሳለ አልተጻፈም። ጠጪው ሰኞን እንደማያያት ያወቀ ሰው ነው ወረቀቱን የጻፈው። አንድ ዓሣ ቢጨምሩ ኖሮ ባና ምዋባ፣ ባዶ እጄን እመለስ ነበር።»

ባና ምዋባ ለመካድ አልሞከረችም።

«አምስት ብዬ ጀምሬ ነበር» አለች። «ማን ይበላዋል? ሲበላሽ ታየኝ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«እማዬ!»

«ዝም በይ ምዋባ። ታናሽሽን አታስታውሺውም። በድርቁ ዓመት ታሞ ተኝቶ፣ የቀረችኝን እፍኝ ዱቄት ገንፎ አድርጌለት፣ አባትሽ ቀምሶ ጨው የለውም ብሎ ደፋው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ትርፍ ከሌለ የሚደፋ አይኖርም ብዬ። እሱ ግን የራሱን ደፍቶ ያንቺን ሳህን ይስብ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ለሟቹ ቅንጣት ታህል አላዘነችም፤ ይህም አሳፈራት። በእጇ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች። ፖሊሱም የንጎሳን ካቴና ፈታ።

ንጎሳ አንጓዋን እያሻሸች ቆመች። እዚህ ቤት አሥር ዓመት ኖራለች።

«ባማዮ፣ ሊወስዱኝ ሲሉ እያዩ ነበር። ምንም አይሉም ነበር?»

ባና ምዋባ ጥቁር ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረች።

«ይቅርታ እንኳ አይሉኝም?»

«የነገ ዓርቡን ወረቀት ዛሬ ጠዋት ጨርሼዋለሁ» አለች ባና ምዋባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት ዓሣ።»

ንጎሳ አላለቀሰችም። ጓዳ ገብታ ልብሷን በፌስታል ቋጠረች፤ ለልቅሶኛው ከተሠራው ምግብ ጉረሺ ቢሏት እምቢ አለች። ከዚያ ወደ አገሯ ወደ ማንሳ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሳ ኢንስፔክተሯን ጠየቀቻት።