በመጨረሻው ዝማሬ ማን ቆመ?

ሬሳው ገና ሳይነሣ ጭቅጭቁ ጀመረ።

ሐያሲው ከሰገነቱ ደረጃ ግርጌ ወድቋል። አንገቱ ተጠማዝዟል። እህቱ ከአጠገቡ ተንበርክካ፣ «ይህ ጩኸታችሁ ነው የገደለው!» ትላለች። የዝማሬው ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ ከበላይዋ ቆሞ፣ «ድንቅ ሥራን ጩኸት አትበይ!» ይላል። መርማሪዋ ደሟ ፈላ።

«ሰው ሞቷል እኮ! አፋችሁን ዝጉ!» አለች።

ከተማው በዚህ ዝማሬ ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። በየዓመቱ ይቀርባል፤ አዳራሹም በየዓመቱ ጢም ይላል። የመጨረሻው ክፍል ሲጀመር ወዳጆቹ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ የሚጠሉት እግራቸውን አነባብረው ቁጭ ይላሉ። በዚህ ጦስ የተኳረፈ ጎረቤት፣ የፈረሰ እጮኝነት ሁሉ አለ። ሐያሲው የተቀማጮቹ አለቃ ነበር። ሥራውን በሬዲዮ ሲያብጠለጥል ኖሯል፤ የመጨረሻው ክፍል ሲደርስም ሰገነቱን ትቶ እንደሚወርድ የማያውቅ የለም።

«ብዙ መድከም አያስፈልግም» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ። ሽማግሌውን በር ጠባቂ በካቴና አስሮታል። «ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላም ከሟች ጋር ተሰዳድበዋል። ነገ ወህኒ ይወርዳል።»

በር ጠባቂው የታሰረ እጁን ወደ አዛዡ ዘረጋ። «‹ዘበኛ ስለ ዜማ ምን ያውቃል› አለኝ፤ እኔም የአፉን ሰጠሁት። ለዚህ ሰው እገድላለሁ? ዝማሬው እስኪያልቅ ከዋናው በር ንቅንቅ አላልኩም። አንድም ሰው አልወጣም!»

«ማን አየህ?» አለ አዛዡ።

«ማን ይየኝ? ሁሉም ውስጥ ነው!»

መርማሪዋ ከሟች ኪስ ያገኘችውን ማስታወሻ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ሰፊ ነው፣ መብራቱም ደህና ነው። ከላይኛው እርከን ላይ ሁለት የተበጠሱ የሸሚዝ አዝራሮች አገኘች። ሰውየው ተይዞ ተገፍቷል፤ ጩኸቱን ደግሞ የመዘምራኑ ድምፅ ውጦታል። ከአዳራሹ የሚያስወጡት በሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዋናው በርና ወደዚህ ደረጃ የምታወጣው ትንሿ በር።

እህትየዋን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ የት ተቀምጠው ነበር?»

«መሃል ረድፍ። እኔም እንደ ወንድሜ ተቀማጭ ነኝ። ዐሥራ አምስት ዓመት የሰው ጀርባ ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ገና የዘማሪዎቹን ፊት አየሁ። ለካ እኔ እነሱን ሳይ ወንድሜ እየሞተ ነበር!»

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትንሿ በር አጠገብ ነበርኩ» አለ። «የመጨረሻው ክፍል ሲጀመር ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ፤ አዳራሹም ተከትሎኝ ተነሣ። ባለቤቴ ይህን ሃያ ዓመት ዘምራዋለች። የተቀበረችውም በእሱ ነው። ያ ሰው ግን በሬዲዮ፣ ‹ይህን ሰምቶ የሚያለቅስ ደንቆሮ ነው› አለ። እኔ ያለቀስኩት ለሚስቴ ነው!»

መርማሪዋ ወጥታ የመዘምራኑን መሪ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጌታዬ፣ የካቴናውን ቁልፍ ያዘጋጁ» አለችው አዛዡን። «እትዬ የዘማሪዎቹን ፊት አየሁ ብለውኛል። ፊት ለፊታቸው ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ፣ እሳቸው ተቀምጠው እንዴት ያያሉ?»

«ማንም አልቆመም» አለ መሪው። «ጭቅጭቁ አንገፍግፎኝ ነበር። የመጨረሻውን ክፍል ከመጀመሬ በፊት ዞር ብዬ በእጄ ‹ተቀመጡ› አልኳቸው። ወዳጅም ጠላትም ተቀመጠ። አስቀድሜ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው… ተሳስቼ ይሆናል።»

«ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ ነው ያሉት። እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ብቻዎን ተገትረው አዳራሹ በሙሉ ያይዎት ነበር። ስለዚህ ውስጥ አልነበሩም። በዋናው በር ወጣሁ ካሉ፣ በር ጠባቂው አይቶዎታል ማለት ነው፤ ይንገረን። እሱ ካላየዎት የቀረችው በር ወደ ደረጃው ነው የምታወጣው።»

«እኔ አላየሁትም!» አለ በር ጠባቂው።

ሊቀመንበሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልገድለው አልነበረም! በሬዲዮ ያለውን ፊት ለፊት እንዲደግምልኝ ነው የጠበቅኩት። ‹ስማኝ፣ ስማኝ› እያለ ክንዴን ያዘኝ። ሊያላግጥብኝ መሰለኝ። በሸሚዙ ይዤ ገፋሁት።»

መርማሪዋ ከሟች ኪስ ያገኘችውን ማስታወሻ አወጣች። ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹ዛሬ ማንም አልተነሣም። ዝማሬውን ገና ዛሬ ሰማሁት። ሰው ፊት እንዳላለቅስ እየወጣሁ ነው። ነገ በሬዲዮ ይቅርታ እጠይቃለሁ።›»

«ሊነግርህ ነበር!» ብላ እህቱ ተነሣችበት። «አላስጨረስከውም! አንተ አረመኔ፣ አላስጨረስከውም!»

አዛዡ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትቶ ለሊቀመንበሩ አጠለቀለት፤ ሽማግሌውን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

የመዘምራኑ መሪ፣ «ሟቹም መጨረሻ ላይ ዝማሬው ድንቅ መሆኑን አመነ ማለት ነው» ብሎ አጉተመተመ።

በር ጠባቂው ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ ዞረበት።

«ውጡ!» አለ። «ሁላችሁም ውጡልኝ! አንዱን ገደላችሁት፣ እኔን በቁሜ ልትቀብሩኝ ነበር፤ አሁንም የምታወሩት ስለ ዘፈን ነው!»