መብራቱ ሳይጠፋ የተነሱት

ሽማግሌው ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ሞተዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በመተላለፊያው ዳር ባለ ወንበር ላይ አንገታቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል ብሏል። አናታቸውን የመታው የከባድ መኪና ፓምፕ ከተቀደደ ሻንጣ ወጥቶ እግራቸው ሥር ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል። አውሮፕላኑ በሰላም አርፎ፣ ሰው «ተመስገን» ካለ በኋላ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

እናትየዋ ከእሳቸው ኋላ ነበረች። ልጇ በምታስተናግድበት አውሮፕላን ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ክንፉ ይገነጠላል፣ ሞተሩ ይነድዳል ስትል «ቀበቶ እሰሩ» ከሚለው መብራት ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ደረሰች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ላይ የደረሰው ግን ልትፈራው እንኳ ያላሰበችው ነገር ነው። ልጇን ነፍሰ ገዳይ አሏት።

«ሦስት ሰው መስክሮብሻል» አለ የአየር መንገዱ ኃላፊ። «መብራቱ ጠፋ፣ ሰው ተነሳ፣ አንቺ የሻንጣ ማስቀመጫውን ስትከፍቺ ወደቀ። ስህተቴ ነው ብለሽ ፈርሚና በአጭሩ ይለቅ።»

«አልፈርምም።»

«ትታሰሪያለሽ!»

«እታሰራለኋ! መብራቱ አልጠፋም። እኔም ፊት ለፊት ወንበሬ ላይ ታስሬ ተቀመጡ እያልኩ ስጮህ ነበር።»

እናትየዋ «ልጄ፣ ፈርሚና እንሂድ» ልትል አፏን ከፈተች። የልጇን ዓይን ስታይ ግን መልሳ ገጠመችው።

የፖሊስ መርማሪዋ ስትገባ ሌሎቹ መንገደኞች ወርደው፣ በሟቹ አጠገብ የነበሩት ብቻ ቀርተዋል። አጭር ናት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ግርዱ አያልፋትማ።

ከሟቹ ማዶ፣ በመተላለፊያው ሌላኛው ዳር የነበረውን ጠበቃ አስቀደመች።

«ልጅቷ ስትከፍተው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «እኔ ሕዝቡ እስኪቀል ቀበቶዬን እንዳሰርኩ ቁጭ ብዬ ነበር። ቦርሳዬም ይኸው፣ እግሬ ሥር ነው። እዚያ ላይ ምን አለኝ?»

የፓምፑ ባለቤት፣ የመለዋወጫ ነጋዴው፣ ላቡን እየጠረገ ያንኑ ደገመ። ከጠበቃው ኋላ የነበረችው የሕንፃ ተቋራጭም ቃል በቃል ያንኑ አለች።

«እርስዎስ እናቴ፣ ማን እንደከፈተው አዩ?»

«አላየሁም ልጄ። ሁሉም ግር ብሎ ሲነሳ ጀርባቸው ጋረደኝ። መብራቱ ግን እንደበራ ነበር።»

«እንዳልጠፋ በምን አወቁ?»

«ከአናቴ በላይ አይደል ያለው! ጠፍቶ ቢሆን እኔ ቀበቶዬን ፈትቼ እልልታዬን አቀልጠው ነበር።»

«እናቷ ናት፤ ምን እንድትል ይጠበቃል?» ኃላፊው ጣልቃ ገባ።

መርማሪዋ ወደ አብራሪው ክፍል ሄደች። ካፒቴኑን ለብቻው አነጋገረች። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣችና በባትሪ ማስቀመጫውን አየች። ወርዳ ደግሞ የጠበቃውን መቀመጫ በነጭ ሶፍት ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«አውሮፕላኑ የቆመው ሌላ አውሮፕላን ለማሳለፍ ነው፤ ገና መውረጃው ጋ አልደረሰም ነበር። ካፒቴኑ መብራቱን አላጠፋም። ታዲያ ሦስታችሁ ለምን ዋሻችሁ?»

ነጋዴው ቀድሞ ተሸነፈ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልናገር። አውሮፕላኑ ቆም ሲል ዘለን ተነሳን። ልጅቷ ብትጮህ ማን ይስማት? በኋላ ሰውየው ሲሞቱ ደነገጥን። ጠበቃው ‹መብራቱ ጠፍቶ ነበር እንበል፣ አለዚያ ሁላችንም እንጠየቃለን› አለን። አፍ ለአፍ ገጠምን።»

ተቋራጯ አንገቷን ደፋች።

«እነሱ ይነሱ!» አለ ጠበቃው። «እኔ ግን ተቀምጬ ነበር። የሕግ ሰው ነኝ!»

«መቀመጫዎን ይመልከቱት እስቲ። ሻንጣው ሲፈነዳ ዘይቱ እስከዚህ ተረጭቷል። ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ጭንዎ ላይ ነበር የሚያርፈው። ያረፈው ግን መቀመጫው ላይ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ ያለው ጠብታ ክብ ነው፤ እዚህ ያለው ግን ተዳምጧል። በኋላ ሮጠው ተቀምጠውበታል ማለት ነው። እስቲ ዞር ይበሉልኝ።»

አልዞረም። ተቋራጯ ግን ከኋላው አጮለቀች።

«ኧረ ጉድ! ሱሪው!»

«ብቆምስ!» ጠበቃው ጮኸ። «ሁሉም ቆሞ ነበር። መቆም መግደል ነው?»

«አይደለም።» ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አነሳችና ገለበጠችው። የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን በዘይት ወዝቷል። «ፓምፑ መንገዱን ሁሉ ሲያንጠባጥብ ነው የመጣው። ማስቀመጫው ውስጥ ዘይቱ ያልደረሰበት አንድ ንጹሕ ቦታ አለ።» ወንበሩ ላይ ወጥታ ቦርሳውን እዚያው አኖረችው። ክዳን በድስቱ እንደሚገጥም ገጠመ። «ፓምፑን ደግፎ የያዘው ይህ ቦርሳ ነው። ቀድመው ለመውረድ ሲስቡት አውሮፕላኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ፓምፑም ተከትሎት መጣ። ሽማግሌው ግን ትእዛዝ አክባሪ ነበሩ፤ ታስረው ስለነበር ዞር ማለት እንኳ አልቻሉም።»

ጠበቃው ቦርሳውን ሽቅብ አየ። «ሳላስበው ነው...»

«መውደቁን አላሰቡትም። በልጅቷ ላይ መመስከሩን ግን አስበውበታል።» ወደ ነጋዴው ዞረች። «ያን ብረት ሸሽገው ሰው ራስ ላይ የጫኑት እርስዎም ይጠየቃሉ።»

ፖሊሶች ሁለቱን ይዘው ወረዱ። ኃላፊው ያልተፈረመበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እንግዲህ ተገላገልን። እናት፣ ይዘዋት ይግቡ። ወሬው እስኪበርድ ረዘም ያለ እረፍት ሰጥተናታል።»

እናትየዋ ቀበቶዋን ፈታ ተነሳች። ነገ ጭጋግ ቢሆንስ፣ ጎማው ቢፈነዳስ የሚለው ስጋት እንደ ልማዱ መጣባት። እሱን ወንበሩ ላይ ተወችውና ኃላፊውን ፊት ለፊት አየችው።

«የምን እረፍት? ያጠፋ ነው የሚደበቅ። ልጄ ነገ በረራ አላት፤ ትበራለች።»